አይጦቹ ምን በሉ?

በምናነባቸው የምርምር ጽሑፎች «አይጦቹ መደበኛ መኖ ተመግበዋል» የምትል ዓረፍተ ነገር አትጠፋም። በእኔ አስተያየት ይህች ዓረፍተ ነገር ምንም አልነገረችንም።

እንደሚታወቀው የላቦራቶሪ አይጥ መኖ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከእህልና ከአኩሪ አተር ተፈጭቶ ይዘጋጃል፤ ብዙ ዓይነት አሰር አለው። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 እንደወጣው ኤአይኤን-93፣ ከወተት ፕሮቲን፣ ከስታርችና ከዘይት ተመዝኖ ይቀመማል፤ አሰሩ ሴሉሎስ ብቻ ነው።

የአንጀት ባክቴሪያዎች ሴሉሎስን እምብዛም አያብላሉትም። ሌላውን አሰር ግን አብላልተው ቡቲሬት ይሠራሉ፤ ቡቲሬት ደግሞ የበሽታ መከላከል ሥርዓቱ ከልክ እንዳያልፍ የሚቆጣጠሩትን ቲ ሴሎች ያበዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናትም የሰው አንጀት ባክቴሪያ የተሰጣቸው አይጦች አሰር ሲነፈጋቸው ባክቴሪያዎቹ የአንጀቱን የሙከስ ንጣፍ እንደሚበሉ፣ አይጦቹም ለሲትሮባክተር ሮደንቲየም እንደሚጋለጡ አሳይቷል።

ታዲያ አንዱን ቡድን የተቀመመ ቅባታማ መኖ፣ ማነጻጸሪያውን ደግሞ የእህል መኖ አብልተን «ለውጡን ያመጣው ቅባቱ ነው» ብንል ማን ያምነናል? አሰሩስ የት ሄደ?

መመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ጓደኞቼ፣ የመኖውን ስምና ይዘት ጻፉ። ማነጻጸሪያውም ከተቀመመው መኖ ይሁንና በቅባቱ መጠን ብቻ ይለይ። አማካሪዎቻችንም ይህን ሳያዩ ባይፈርሙ ጥሩ ነው።