ወርቁ እውነተኛ፣ ዲናሩ ሐሰተኛ



ከጥቂት ዓመታት በፊት ቁርኣን ያስቀራነው አንድ ወጣት በቅርቡ በጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ የወርቅ ገንዘብ ይዞ ቤታችን መጣ። ታላቅ ወንድሙ ከሚሠራበት የዐረብ አገር ገበያ ገዝቶ የላከለት ነው። አብሮት የመጣው ወረቀት «የዐብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን ዲናር፣ 77 ዓመተ ሒጅራ» ይላል። ልጁ ኒካሕ ለማሰር ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ ዲናሩንም ለመህር አስቦታል። «ኡስታዝ፣ ወርቅ ሠሪው ንጹሕ ወርቅ ነው ብሎኛል። ኒካሑ ላይ የጥንት ዲናር ብዬ ብጠራው ችግር አለው?» አለን።

ወርቅ ሠሪው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ። የተጠየቀው ግን ስለ ወርቁ እንጂ ስለ ዲናሩ አልነበረም።

ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ዲናር ከማስመታቱ በፊት በሻም ገበያ ይሠራበት የነበረው የንጉሥ ምስልና መስቀል ያለበት የቢዛንታይን ወርቅ ነበር። ኸሊፋው መጀመሪያ ለጥቂት ዓመታት የቆመ ኸሊፋ ምስል ያለበት ዲናር ካስመታ በኋላ፣ በ77 ዓ.ሒ. (እ.ኤ.አ. 696/97) ምስሉን ሁሉ አስወጥቶ ጽሑፍ ብቻ ያለበትን ዲናር አወጣ። በአንዱ ገጽ መሐል የተውሒድ ቃል፣ በሌላው ከሱረቱል ኢኽላስ የተወሰደ፣ በዙሪያው ደግሞ ዓመቱ ተጽፏል። የኸሊፋው ስምም የከተማ ስምም የለበትም። ክብደቱ 4.25 ግራም ገደማ፣ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ነው።

ይህ ክብደት ለእኛ የታሪክ ወሬ ብቻ አይደለም። የወርቅ ዘካ ኒሳብ 20 ዲናር ነው። ዛሬ በየመስጂዱ «85 ግራም» ሲባል የምንሰማው ከየት መጣ? ሸኽ ዩሱፍ አልቀረዷዊን የመሳሰሉ ዑለማኦች በሙዚየም ተጠብቀው የቆዩትን የጥንት ዲናሮች ክብደት መሠረት አድርገው 4.25ን በ20 አባዝተው ነው። (በህንድ አካባቢ ያሉ ሐነፊዮች በሌላ ስሌት 87.48 ግራም ይላሉ።) እንግዲህ እነዚያ ዲናሮች ሐሰተኛ ቢሆኑ ኖሮ የስንቱ ቤት ዘካ በተዛባ ነበር!

ወደ ልጁ ዲናር እንመለስ። ወርቅ ሠሪው ዘንድ አብረን ሄድን። ሚዛኑ 4.24 አለ። ማግኔት አልሳበውም፤ ይህ ግን ብዙ አያስደስትም፣ ናስንም መዳብንም ብርንም ማግኔት አይስብምና። ቀጥለን ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠን ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለስነው፤ ዲናሩንም በቀጭን ክር አንጠልጥለን የብርጭቆውን ታች ሳይነካ ውሃው ውስጥ አስገባነው። ሚዛኑ 0.22 አነበበ። 4.24ን ለ0.22 ስናካፍል 19.3 ገደማ መጣ፤ የንጹሕ ወርቅ እፍጋት ይኸው ነው። በወርቅ የተለበጠ ብር ቢሆን 0.40 ያህል፣ ናስ ቢሆን 0.50 ያህል ባነበበ ነበር። በጥርስ መንከስና በአሲድ መፈተግ ግን ይቅር፤ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ ዋጋውን ገደላችሁት ማለት ነው።

ልጁ ፊቱ በራ። እኛ ግን ገና አልጨረስንም። አራት ግራም ወርቅ ዋጋው የታወቀ ነው፤ ሰብሳቢዎች ለጥንት ዲናር የሚከፍሉት ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለንደን ውስጥ የ105 ዓ.ሒ. የሆነ አንድ የኡመውያ ዲናር ከ3.7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጧል። ታዲያ ብልጥ አጭበርባሪ በወርቁ ለምን ይሰስታል? ከ1772 እስከ 1830 የኖረው ጀርመናዊው ካርል ቤከር የጥንት ገንዘብ አስመስሎ ሲሠራ ያረጀ እውነተኛ ገንዘብ ወስዶ በላዩ ላይ አዲስ ቅርጽ ይመታበት ነበር። ከዚያም የብረት ብናኝ ባለበት ሣጥን ከሠረገላው ሥር አስሮ፣ መንገዱ እያንገጫገጨ እንዲያስረጅለት ያደርግ ነበር። የዚህን ሰው ሥራ ወርቁን በመፈተሽ አትይዙትም።

ስለዚህ ማጉያ መነጽር አነሣን። ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ሐሰተኛ ላይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች፣ የደነዘዙ ፊደላት፣ አንዳንዴም ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ይታያል። የልጁ ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ ተመትቶ የተሠራ ነው። ፊደሉም ቢሆን ስሕተት የለበትም። (ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የእንግሊዙ ንጉሥ ኦፋ ወርቅ የ157 ዓ.ሒ. የዐባሲያ ዲናር ቅጂ ነው፤ የቀረጸው ሰው ዐረብኛ ባለማወቁ ፊደሉ ተዛብቷል፣ የንጉሡም ስም ከዐረብኛው አንጻር ተዘቅዝቋል።) ዓመቱን ለማንበብ ግን መድረሳችንም ብዙ አልረዳንም። ኩፊው ነጥብ ስለሌለው «ሰብዕ» እና «ቲስዕ» አንድ ዓይነት አጽም አላቸው፤ 77 ያልነውን ሌላው 97 ሊለው ይችላል።

ያጋለጠው ጭረት ነው። ከፊደላቱ በላይ አንዲት ሰያፍ ጭረት አለች። በኢንተርኔት የሻጮችን ፎቶ ስናገላብጥ ያቺው ጭረት፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዝመት በሌሎች ሁለት ዲናሮች ላይ ተገኘች። የጠርዛቸውም ቅርጽ አንድ ነው። በእጅ የተመታ ገንዘብ ግን ጠርዙ ከወንድሙ ጋር አይመሳሰልም፤ ጭረት ደግሞ ከተመታ በኋላ አንዱን ብቻ የሚያገኝ አደጋ ነው። ከሦስቱ አንዷ እናቲቱ ልትሆን ትችል ይሆናል። የልጁ ግን አይደለችም፦ ጭረቷ በስለት እንደተቆረጠ አልሆነችም፤ ጎኗ ክብ፣ ውስጧም እንደ ቀሪው ገጽ ለስላሳ ነው። አብራ የተቀረጸች ናት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከታች እርጥበት ማግኘታቸውንና ሻጩን መገሠጻቸውን ለልጁ ማስታወስ አላስፈለገንም፤ ራሱ አነሣው። «እኔስ ሳላውቅ ነው። አሁን ግን አወቅሁ» አለ። ለልጅቱ አባት ደውሎ ነገሩን ሳይሸፍን ነገራቸው።

ኒካሑ በቀኑ ታሰረ። በውሉ ላይ «4.24 ግራም ወርቅ» ተብሎ ተጻፈ፤ ከታሰበው ዋጋ የጎደለውን ወንድሙ በብር ሞላ። ወርቅ ሠሪው አቅልጦ ቀለበት ሊያደርግላት ቢጠይቃትም ሙሽሪት እሺ አላለችም። በትንሽ ሣጥን አስቀምጣዋለች፤ ክዳኑ ላይ በገዛ እጇ «ቅጂ ነው» ብላ ጽፋለች።