ድድህ ሲደማ «ኪኒኑ ሐላል ነው?» ብቻ ብለህ አትለፍ



ከሶላት በኋላ ወጣቶች ጠጋ ብለው ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱ «ሲዋክ ስጠቀም ድዴ ይደማል፤ ውዱዬ ይፈርሳል?» የሚል ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ አይፈርስም። በሐነፊይ ደሙ ከምራቁ ከበለጠ ወይም እኩል ከሆነ ይፈርሳል። ይህን ሰምተው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ድዱ ግን መድማቱን ይቀጥላል።

ሰሞኑን ጥያቄው ሌላ ሆኗል። በቴሌግራም የሚሸጥ፣ ከዱባይ መጣ የተባለ «ፕሮባዮቲክ» ስልካቸው ላይ ያሳዩኝና «ሐላል ነው?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የካፕሱሉ ልባስ የአሳማ ጀላቲን ሊሆን ስለሚችል ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል። «ለድዴ ይሠራል ወይ?» ያለኝ ግን አንድም የለም።

ፕሮባዮቲክ ለጤና ይጠቅማል ተብሎ የሚወሰድ ሕያው ባክቴሪያ ነው፤ ዘመዶቹ እርጎአችን ውስጥም አሉ። ለድድ በብዛት የተጠናው ላክቶባሲለስ ሩቴሪ የሚባለው ሲሆን፣ የሚሰጠውም እንደ ከረሜላ አፍ ውስጥ እየተመጠጠ በሚሟሟ ጽላት ነው። ለሆድ ተብሎ የሚዋጥ ካፕሱል ድድህን ሳይነካ ያልፋል። ጽላቱም ቢሆን የተሞከረው ሐኪም ጥርሱን ካጠበ በኋላ በተጨማሪነት ነው። አንዳንዱ ጥናት ጥቂት ጥቅም አገኘ፣ ሌላው አላገኘም። የአውሮፓ የድድ ሕክምና ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከእጥበቱ ጋር ባይጨመር ይሻላል ብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ቆሻሻ በየቀኑ ካልጸዳ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ታርታር ይሉታል። እሱን ሲዋክም፣ ብሩሽም፣ ባክቴሪያም አያነሳውም። የሐኪም መሣሪያ ነው የሚያነሳው። ድድ መድማት ብቻ ከሆነ ቶሎ ሲታከም ይድናል። ችላ ከተባለ ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ይሄዳል፤ የሄደ አጥንት ደግሞ በራሱ አይመለስም።

«እጥበት ጥርስ ያነቃንቃል» የሚባለውን እኔም ለዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ። ጥርሱን የሚያላላው በሽታው ነው። ድንጋዩ ሲነሳ ተሸፍኖ የነበረው ጉዳት ይታያል፤ እኛ ሐኪሙን እንከሳለን።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ሻጭ ኪኒኑን «ሱና» የሚል ቃል ለጥፎበት ይሸጣል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሸቀጥ የሚያታልልን ሰው ምን ያህል አጥብቀው እንዳወገዙ ሻጩም ያውቃል። እሳቸው በመጨረሻ ሕመማቸው እንኳ በእናታችን ዓኢሻ ቤት ሆነው ሲዋክ ተጠቅመዋል። መድኃኒት እንድንፈልግም አዘውናል። ሲዋኩ ሱና ስለሆነ ሐኪም ቤት መሄድ ይቀራል ያለ ዓሊም አላውቅም።

ስለዚህ ድድህ ከደማ ሲዋኩን አትተው፤ ለስለስ ያለውን ምረጥ። ለኪኒኑ ያሰብከውን ብር ግን መጀመሪያ ለእጥበት አውለው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ ይፍጠን፤ ስኳሩ ድዱን ይጎዳል፣ የታመመው ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ሲጋራ የምታጨስ ወንድሜ፣ ድዴ ስለማይደማ ጤነኛ ነኝ አትበል፤ ሲጋራ መድማቱን ይደብቃል። ከእጥበቱ በኋላ ጽላቱን ልጨምር ካልክ ሐኪምህን ጠይቅ። የካፕሱሉን ጀላቲን ደግሞ አምጣው፣ አብረን እናነባለን።

ወላሁ አዕለም።