ልጁን ማን ይጻፈው? ሌሊቱን ቁጠሩ!

አሜሪካ ውስጥ ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ የታክስ ወቅት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሲያትል ያለ የሐበሻ ካፌ ብትገቡ ከቡናው እኩል የሚፈላው ወሬ «ታክስ አሠራህ? ስንት መጣልህ?» ነው። ይሄ ችግር የለውም። ነገር የሚመጣው የተፋቱ ባልና ሚስት ሲኖሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ «ዛሬ አንተ ውሰደው፣ ነገ አንቺ አምጪው» ሲባባሉ የከረሙ ሁለት ሰዎች ልክ ፌብሩዋሪ ሲገባ ልጁን ይሻሙበታል። ለአንድ ወረቀት!

ሀገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎቻችን ነገሩ ግር ሊል ይችላል። የኛ የደመወዝ ግብር ልጅ አይቆጥርም፤ እኩል ደመወዝ ያላቸው ወንደላጤና የአምስት ልጆች አባት እኩል ይቆረጥባቸዋል። አሜሪካ ግን ልጅ ያለው ሰው ዲፔንደንት ብሎ ይጽፈዋል፤ መንግሥትም ግብሩን ይቀንስለታል፣ አልፎም ገንዘብ ይመልስለታል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ለ2025 የታክስ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ከ17 ዓመት በታች ላለ አንድ ልጅ የሚሰጠው ቅናሽ እስከ 2,200 ዶላር ነው። ገቢው ዝቅ ያለ ሠራተኛ ደግሞ አንድ ልጅ ካለው በኧርንድ ኢንካም ክሬዲት በኩል እስከ 4,328 ዶላር ሊያገኝ ይችላል። ይሄ ለብዙ ሰው የወራት የቤት ኪራይ ነው።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? የሚገርመው ሕጉ «ማን የበለጠ ገንዘብ አወጣ?» ብሎ አይጀምርም። «ልጁ የት አደረ?» ነው የሚለው። በዓመቱ ውስጥ ልጁ ብዙ ሌሊት ያደረው ከማን ጋር ነው? እሱ ወይም እሷ ይጽፋሉ። ዓመቱ 365 ሌሊት ነውና 183 እና 182 ሆኖ ቢከፈል እንኳ አንዲቷ ሌሊት ትዳኛለች። በትክክል እኩል ከሆነ ገቢው ከፍ ያለው ወላጅ ይጽፋል።

እዚህ ላይ የኛን ሰው በተለይ የሚነካ ነገር አለ። ስንቱ ሐበሻ ነው ሌሊት ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀው፣ ሆስፒታል የሚያድረው? ሕጉ ይሄንንም አስቦበታል። ወላጁ የሌሊት ሠራተኛ በመሆኑ ልጁ ሌላ ቦታ የሚያድር ከሆነ፣ የሚቆጠረው ሌሊቱ ሳይሆን ልጁ አብሮት የዋለበት ቀን ነው። ይሄንን ሳያውቁ «ሌሊት እኔ ጋ ስለማያድር አይገባኝም» ብለው የሚተዉ ቢኖሩ አይገርመንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ሽማግሌዎቻችን። ትዳር ሲፈርስ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት (አንዳንዴም በፍርድ ቤት ፋንታ) ሽማግሌ ይቀመጣል። ጥሩ ባህል ነው፣ አንተችም። ሽማግሌው ቤቱን ያካፍላል፣ መኪናውን ያካፍላል፣ ቀለቡን ይቆርጣል። ታክሱ ላይ ሲደርስ ግን «አንድ ዓመት አንተ፣ አንድ ዓመት እሷ» ብሎ መርቆ ይነሳል። አሜን! ነገር ግን አይ.አር.ኤስ. የሽማግሌ ምርቃት አያውቅም። እንዲያውም የዳኛ ውሳኔም ብቻውን አይበቃውም። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ በኋላ የተሰጠ የፍቺ ውሳኔ «አባትየው ይጻፍ» ቢል እንኳ፣ ልጁ የሚያድርባት እናት ፎርም 8332 የሚባለውን ወረቀት ፈርማ ካልሰጠች አባትየው መጻፍ አይችልም። ያቺ አንድ ገጽ ወረቀት ስትረሳ ነው ሁለቱም «ተራዬ ነው» ብለው የሚጽፉት።

ሁለቱም ሲጽፉ ምን ይሆናል? ቀድሞ ያስገባው ገንዘቡን ይወስዳል። የሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ይመለስበታል። አሁን አሁን አይ.አር.ኤስ. የሚሰጠውን አይፒ ፒን የያዘ ሰው እንደገና በኮምፒውተር ማስገባት ይችላል፤ ያለዚያ በወረቀት ልኮ መጠበቅ ነው። ከዚያ ለሁለቱም ደብዳቤ ይመጣል፣ ማስረጃ ይጠየቃል። ያላግባብ የወሰደው ከነወለዱ ይመልሳል፤ በግዴለሽነት አድርጎት ከተገኘ ለ2 ዓመት፣ በማጭበርበር ከሆነ ለ10 ዓመት እነዚህን ክሬዲቶች ይከለከላል። በመሀል ግን ኪራይ የሚጠብቃት እናት ወይም አባት ወራት ይቆጥራል። «ቀድሜ ላስገባ» የሚለው ብልጠት ከገዛ ልጅ አፍ መንጠቅ ነው ብንል አልተጋነነም።

ሐበሻን ብቻ እየወቀስን እንዳይመስልብን። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ የልጆችን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ጻፉ ማለት ስትጀምር 7 ሚሊዮን ገደማ ዲፔንደንቶች ከወረቀት ላይ ድንገት ጠፍተዋል! ከነዚህ ውስጥ ያልተወለዱ ልጆች ነበሩ፤ የተፋቱ ወላጆች ሁለት ጊዜ የጻፏቸውም ነበሩ። ሽሚያው የሰው ልጅ ጠባይ ነው።

አባቶች የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ አንሸሸውም። «ቀለብ የምከፍለው እኔ፣ የምትጽፈው እሷ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ቀለብ ከግብር አይቀነስም፤ ይሄ ያማል። ግን ልጁ ያደረበት ቤት ሌላ ሂሳብ አለ። ትኩሳት ሲነሳ የሚቀረው ሺፍት፣ ከትምህርት ቤት ሲደወል የሚቋረጠው ሥራ፣ ሞግዚት ስትጠፋ የሚታጣው ደመወዝ በደረሰኝ አይመጣም። ሌሊት መቁጠር ፍጹም ባይሆንም ይሄን ድካም ለመለካት ከሌላው መንገድ ይሻላል ባዮች ነን።

ደግሞም ሁለቱ ከተነጋገሩ ሁለቱም የሚጠቀሙበት መንገድ አለ። ፎርም 8332 የሚያሻግረው ሁሉንም አይደለም። እናትየው ብትፈርም እንኳ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲቱና የቤተሰብ ኃላፊ ሆኖ ታክስ የማሠራት መብቱ እሷው ጋ ይቀራል። ገቢዋ ትንሽ ሆኖ የምትከፍለው ግብር ከሌለ ከ2,200ው ዶላር በእጇ ሊገባ የሚችለው ቢበዛ 1,700 ነው፤ ብዙ ግብር የሚከፍለው አባት ግን ሙሉውን ሊጠቀምበት ይችላል። ተስማምተው እሱ ቢጽፍና 1,700ውን ለልጁ ቤት ቢመልስ ማን ተጎዳ? ፊርማው ለአንድ ዓመት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የብዙ ዓመት ከሆነም ለቀጣዮቹ ዓመታት መሻር ይቻላል። ለሱ ግን መነጋገር ያስፈልጋል። መነጋገር ደግሞ ለፍቺም ያስፈልጋል፣ ለትዳር ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሽማግሌ ሆይ፣ ከመመረቅህ በፊት «ልጁን ማን ይጽፋል? ወረቀቱስ መቼ ይፈረማል?» ብለህ ጠይቅ። የተፋታችሁ ሆይ፣ ልጁ የት እንዳደረ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ታክስ የምትሠሩ ወገኖቻችን ሆይ፣ ደንበኛ ለማስደሰት ብላችሁ «ግድ የለም ጻፈው» አትበሉ።

ትዳሩ ፈርሷል እንበል። ልጁ ግን የሁለታችሁም ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ የልጁ።

ቸር እንሰንብት።