ስንዝሮ ለምን አይነግሥም?

በአንድ ምድጃ ዙሪያ ለአንድ ልጅ የሚነገሩ፣ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሁለት ተረቶች አሉ። አንደኛው የእንቁላሉ ነው። ልጁ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ ይመጣል፤ እናቱ ከየት አመጣህ ሳትለው ትቀቅልለታለች። ልጁ አድጎ በሬ ይነዳል፣ ይያዛል፣ ሞት ይፈረድበታል፤ በመጨረሻው ሰዓት እናቱን አስጠርቶ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ይላታል። ሁለተኛው የስንዝሮ ነው። ቁመቱ ከስንዝር የማይበልጥ፣ ወንድሞቹ የናቁት፣ ገና ከጨቅላነቱ በውሸትና በማታለል የሚኖር ልጅ ነው፤ ግን በመጨረሻ የሚስቀው እሱ፣ የምናጨበጭብለትም ለእሱ ነው። የመጀመሪያውን ሌባ ሰቅለን ሁለተኛውን አታላይ በትከሻችን የምንሸከምበት ምክንያት ምንድን ነው? የተለመደው መልስ ተረት ለጨዋታ ነው፣ እያንዳንዱ ቃሉ አይመረመርም የሚል ነው። እኔ አልቀበለውም። ሁለቱ ተረቶች ስለ ስርቆት አንድ ዓይነት ሕግ የያዙ ይመስለኛል፤ ልዩነታቸው ልጁ ከማን ወሰደ በሚለውና፣ ከዚያም ይበልጥ፣ ተረቱ የት ላይ ይቆማል በሚለው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከስሙ መጀመር ይሻላል፤ ለስሙ ደግሞ ከመርካቶው ሸማ ተራ የተሻለ መዝገበ ቃላት የለም። መርካቶ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአራዳው ጊዮርጊስ ገበያ ለአገሬው ሰው ወደ ተከለለለት ሰፈር ሲገፋ መልኩን የያዘ ነው። በሸማ ተራ ጋቢውና ነጠላው፣ ጥለቱና ቀሚሱ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ዛሬ የሚለካው በሜትር ነው። ሸማ የሚባለው ነገር ግን ከሜትር በፊት የነበረ ነው፤ ሲለካ የኖረው በክንድና በስንዝር ነው። ክንድ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ፣ ስንዝር ደግሞ የተዘረጋ መዳፍ፣ የክንድ ግማሽ ያህል ነው። ታዲያ የማን ክንድ? ገዢ ረጅም ክንድ ያለው ዘመድ አስከትሎ ቢመጣ፣ ሻጭ በአጭር ክንዱ ልለካ ቢል፣ ሁለቱም በየራሳቸው ዓይን ሌባ አይደሉም። ልኩ የአካል ነውና ተከራክሮ የሚረታ ክንዱን ልክ ያደርገዋል። አማርኛም ነገሩን በአንድ ቃል ቋጥሮታል፦ ልክ ማለት መስፈሪያ ነው፣ ልክ ማለት ደግሞ ትክክል ነው። «ልክህን እወቅ» ሲባል የሚሰማው ግን ሁልጊዜ አጭሩ ሰው ነው። ለባለ ረጅም ክንድ ይህን የሚል የለም።

ስንዝሮ በሌላ ሰው መዳፍ ተለክቶ የተሰየመ ልጅ ነው። ተረቱ በየአገሩ መልኩን ይለውጣል፤ አንዳንዱ ምዕራፍ በሌላ ብልጣብልጥ ስም ሲነገርም ይሰማል። ከሚተረኩት በአንደኛው ወንድሞቹ ቤቱን ያቃጥሉበታል፤ እሱ አመዱን በስልቻ ሞልቶ ይወጣና በዘዴ በሀብት ለውጦ ይመለሳል። ወንድሞቹ አመድ እንዲህ የሚያወጣ ከሆነ ብለው የገዛ ቤታቸውን ያነድዱና ገበያ ወጥተው መሳለቂያ ይሆናሉ። ከዚያ በስልቻ አስረው ወንዝ ሊጥሉት ይወስዱታል፤ እሱ አላፊ እረኛን አግባብቶ በቦታው ያስገባውና ከብቱን እየነዳ ይመጣል፤ ከብቱን ከየት አገኘህ ሲባል ከወንዙ ይላል፤ ወንድሞቹም ተከታትለው ይዘላሉ። ይህ ተረት የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ «ኡኒቦስ»፣ ባለ አንድ በሬው፣ በተባለ የ11ኛው መቶ ዘመን የላቲን ግጥም ተጽፎ ይገኛል፤ እዚያም ደሀው ገበሬ የመንደሩን ሹማምንት በዚሁ መንገድ ወደ ውኃ ይሰድዳቸዋል። አጠገብ ለአጠገብ ሲታዩ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ጀግናው የሚዋሸው ጥቂት ነው፤ ቀሪውን ውሸት የሚጨርሱለት ተታላዮቹ ናቸው። ቤታቸውን አቃጥሉ ያላቸው የለም። አመዱ ዋጋ ያገኘው በምቀኝነታቸው ነው።

ስለዚህ ተረቱ የልጁን እጅ ከመመርመሩ በፊት የታላላቆቹን ክንድ ይለካል። የእንቁላሉ ልጅ ከጎረቤት፣ ከእኩያ ቤት ነው የወሰደው። እናቱም ጎረቤቷን ከድታለች፤ ቅጣቱ ወደ እሷ የሚዞረው ለዚህ ነው። ስንዝሮ ግን ልኩን የነሱትን ነው ያታለለው። ሕዝብ በሁለቱ ላይ የተለያየ ፍርድ ሲሰጥ ሕጉን ረስቶ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ «ከማን?» ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ሐቀኛ አንባቢ እረኛውን ያነሳብኛል፤ ማንሳትም አለበት። ስልቻው ውስጥ ገብቶ የሰመጠው እረኛ ስንዝሮን አልበደለም፣ ቤቱን አላቃጠለም። ተረቱ ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ አልፎታል፤ እኛም ስንስቅ አልፈነዋል። ይህን በክርክር መሸፈን አይቻልም። የምለው ይህ ብቻ ነው፦ እረኛው ተረቱ ላይ ያለ ቀዳዳ ነው፤ በዚያ ቀዳዳ የሚታየው ደግሞ ስንዝሮ ነገ ክንዱ ቢረዝም ምን እንደሚሆን ነው። ትንሹ ሰው ከእሱ ያነሰ ባገኘ ጊዜ የወንድሞቹን ልክ ነው የተጠቀመው። ተራኪው ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም፤ ቶሎ ብሎ ማለፉ ራሱ ያሳብቅበታል።

ሌላው ተቃውሞ ከቤተ ክህነት በኩል የሚመጣ ነው፦ ንስሐ የሌለበት ጀግና እንዴት ጀግና ይሆናል? በእርግጥ ቤተ ክርስቲያን የራሷ መንገድ አላት። ሰኔ 24 የሚታሰበው ሙሴ ጸሊም ሽፍታ ነበር፤ በግብፅ በረሃ ገብቶ መነኰሰ፣ አባት ሆነ፤ ወንድም ላይ ለመፍረድ ሲጠራም ኃጢአቱ ከኋላው እንደሚፈስስ ለማሳየት ቀዳዳ ዕቃ ተሸክሞ መሄዱ ይተረካል። እዚህ ትናንት ዛሬን እንዲያዋርደው እየተፈቀደለት ሰውየው ይከብራል። ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሌላ ሰው አለ፤ ያዕቆብ። የወንድሙን ልብስ ለብሶ፣ እጁንና አንገቱን በፍየል ጠቦት ቆዳ ሸፍኖ፣ ዓይኑ የፈዘዘ አባቱን አታልሎ በረከት ወሰደ። በረከቱም አልተነጠቀም። የተከፈለው በዚያው መስፈሪያ ነው፦ ላባ በጨለማ ሙሽራ ለወጠበት፤ ከዓመታት በኋላ የገዛ ልጆቹ የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው አቀረቡለት። በልብስና በፍየል ያታለለ፣ በልብስና በፍየል ተታለለ። ሸማ ተራ ለሚውል ሰው ይህ ሒሳብ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም። ዘፍጥረት የልጅነቱን ማታለል በንስሐ አላጠበውም፣ በጀግንነቱም አልሸፈነውም፤ በሽምግልናው ዘመን አስከፈለው። ይህ መሆን የቻለው ግን ታሪኩ ያዕቆብን እስከ ሽምግልናው ስለተከተለው ነው። የስንዝሮ ተረት ይህን አያደርግም፤ ከወንዙ ዳር ይመለሳል።

ለምን እንደሚመለስ የሚያሳየን ከተረት ወደ ታሪክ የተሻገረ አንድ ሰው አለን። የቋራው ካሣ ኃይሉ በልጅነቱ አታላይ ነበር የሚል ማስረጃ የለም፤ የልጅነቱ ነውር ተብሎ የተለጠፈበት የእናቱ ድህነት፣ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ስድብ ነው። በወጣትነቱ ግን ሸፍቷል፣ በቆላው ዘርፏል። ዜና መዋዕሉን የጻፉት አለቃ ዘነብ ከዘረፋው ለቋራ ገበሬ መቆፈሪያ መግዣ መስጠቱን፣ ራሱም ማረሱን ይነግሩናል። ታሪክ ጸሐፊው ኤሪክ ሆብስባውም በ1969 እ.ኤ.አ. ከጻፈው ስለ ሽፍቶች የሚያትት ሥራው ውስጥ ቢያስገባው የሚመጥን ሰው ነው። ሌላው ታሪክ ጸሐፊ ዶናልድ ክራሚ ግን በ1986 እ.ኤ.አ. ይህን ልብስ ለኢትዮጵያ ለመቁረጥ መቸኮል እንደማይገባ አሳይቷል፦ በእኛ አገር ሽፍትነት በአብዛኛው የመኳንንት ልጆች ወደ ሹመት የሚወጡበት መሰላል እንጂ የገበሬ ዐመፅ አልነበረም። ካሣም ከገዢ ቤተሰብ ነው የተወለደው፤ የአባቱ ወገን ቋራን ያስተዳድር ነበር። ክራሚ ልክ ነው። ነገር ግን ክርክሩ የሚነካው ሰውየውን ነው፤ የሕዝቡን ጀግና አይነካውም። ትውፊት ካሣን ሲያስብ የሚያስቀድመው የአባቱን ወገን ሳይሆን ኮሶውን ነው። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ ብሎ ፎክሮ በተማረከ ጊዜ፣ ካሣ እናቴ ዛሬ ኮሶዋ አልተሸጠላትም ብሎ እንዳጠጣው የሚነገረው ወግ ሙሉ በሙሉ የስንዝሮ ወግ ነው፦ የተለካበትን መስፈሪያ ገልብጦ ለካበት።

ካሣ ግን ወንዙ ዳር አልቆመም። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ አለ። በዘመኑ የነበረው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሄንሪ ዳፍተን የመዘገበው አንድ ወግ አለ። የጥስባ ሰዎች እስከ አፍንጫቸው ታጥቀው ቀረቡና የአባታችን ሥራ ይጽናልን አሉ። ምንድን ነው ሲላቸው ዘረፋ ነው አሉት። መሬትና በሬ እሰጣችኋለሁ ቢላቸው እምቢ አሉ፤ ሲመለሱ ፈረሰኛ ልኮ አስፈጃቸው። ወጉ ተጋንኖ ይሆናል፤ ቢጋነንም የሚለው ነገር ግልጽ ነው። ሽፍታን እንደ ሽፍታ የሚያውቀው የለም፣ ሕግን በአንድ ቀን ልክ ማድረግ የሚችለውም ሥልጣን ያለው ብቻ ነው። በወጣትነቱ ልኩን የነሱትን ሲያታልል ያጨበጨበለት ሕዝብ፣ ንጉሡ በየክፍለ አገሩ እያሳደደ ሲቀጣው መለኪያው ከማን እጅ እንዳለ አላጣውም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞት አብሮት የቀረው ሠራዊት ጥቂት ነበር። ሞቱ እንደገና ትንሽ አደረገው፤ በጠላት ፊት ብቻውን የቆመ ሰው ሆነና ሕዝቡ መልሶ ተቀበለው። ዛሬ በቲሸርትና በግድግዳ ላይ የሚታየው ሹሩባ ያለው ራስ የካሣና የመቅደላው ነው፤ በመካከል ያሉት ዓመታት ተቆርጠው ወድቀዋል።

ይህ መቁረጥ መርካቶም የሚያውቀው ጥበብ ነው። ሊስትሮ ወይም ተሸካሚ ሆኖ ጀምሮ ባለ ሱቅ፣ ከዚያም ባለ ሕንፃ ስለሆነ ሰው የሚነገረው ወግ፣ ልጅነቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ብልጠት አይደብቃትም፤ እየሳቀ ይጨምራታል እንጂ። ብልጠቷም ሁልጊዜ ከእሱ በሚበልጥ ሰው ላይ የተሠራች ናት። ወግ አዋቂው ሕንፃው ካለቀ በኋላ ስለተከራዮቹ ሲጠየቅ ግን ቡናውን አንስቶ ሌላ ጨዋታ ይጀምራል። ጽድት ያለውን የስኬት ታሪክ፣ በላቡና በወዙ ብቻ የሚለውን፣ ከዚህ ወግ አላስበልጥም። ወጉ ቢያንስ ሰውየው አንድ ጊዜ አጭር እንደነበረ ያስታውሳል፤ የጸዳው ታሪክ ግን ከመጀመሪያው ረጅም ክንድ ይዞ የተወለደ ያስመስለዋል።

ልጆች ስንዝሮን ሰምተው ሲጨርሱ «ከዚያስ?» ይላሉ። ወንድሞቹ ሰምጠዋል፣ ከብቱ የእሱ ነው፣ ባዶው ቤትም የእሱ ነው፤ ጥያቄው የሕፃን ቢመስልም ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ተራኪው አይመልሰውም። ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌን በዳቦ አብሱልኝ ይልና እጁን ይዘረጋል።