መርከቡ ሲሄድ መኪናው የት ይቆይ?

በመዝናኛ መርከብ ሊጓዝ የተነሳ ቤተሰብ ብዙ ነገር ያዘጋጃል። ሻንጣ ይሞላል፣ ፓስፖርት ይሰበስባል፣ ለልጆች የመዋኛ ልብስ ይገዛል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ መኪናው የት ይቆማል? ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ገንዘብን፣ ጊዜንና ዝምድናን ይነካል። በአብዛኞቹ ቤቶቻችን ደግሞ ከእናት፣ ከአባት ወይም ከአጎት ጋር በአማርኛ የሚመከርበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዛሬ መንገዱንም ቃላቱንም አብረን እንይ።

መጀመሪያ ወደቡን እወቁ

በሎስ አንጀለስ አካባቢ የመዝናኛ መርከቦች የሚነሱባቸው ሁለት ወደቦች አሉ። አንዱ ሳን ፔድሮ የሚገኘው ወርልድ ክሩዝ ሴንተር ነው፤ ከቪንሰንት ቶማስ ድልድይ አጠገብ ነው። ሌላው በሎንግ ቢች፣ ከአሮጌዋ ኩዊን ሜሪ መርከብ ጎን ያለው ነው። ያንን ትልቁን ነጭ ጉልላት ካያችሁ ሎንግ ቢች ደርሳችኋል ማለት ነው። የካርኒቫል መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ ከሎንግ ቢች ይነሳሉ፤ የፕሪንሰስ መርከቦች ደግሞ ከሳን ፔድሮ።

ከሊትል ኢትዮጵያ ስትነሱ ወደ ሳን ፔድሮ በ10 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ በ110 ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ። ወደ ሎንግ ቢች የሚያስገባው ግን 710 ነው። ሁለቱ ወደቦች ቢቀራረቡም፣ በአንዱ የተከፈለ የመኪና ማቆሚያ ለሌላው አያገለግልም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን የወደብ ስም አንብቡ።

ሰዓቱን በሁለት ቋንቋ ንገሩ

ቲኬቱ ላይ መነሻው ከሰዓት በኋላ 4፡00 ነው ቢል፣ በአማርኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ለእናታችሁ «መርከቡ በ4 ሰዓት ይነሳል» ካላችሁ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ብለው ሊረዱ ይችላሉ። እንዲያ ከሆነ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ያ ብዙ አይጎዳም። ጉዳት የሚኖረው ስህተቱ በተቃራኒው ሲሆን ነው። ስለዚህ «በፈረንጅ 4፣ በእኛ 10 ሰዓት» ብላችሁ ሁለቱንም ንገሩ። ደግሞም የመሳፈሪያው በር የሚዘጋው መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ነው። ለመንገዱ መጨናነቅና ለመኪና ማቆሚያው ሰልፍ ጊዜ ጨምሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

መንገድ ዳር ማቆም

ብዙ ሰው «ሚድ ዊልሻየር ሰፈራችን ነው፤ መንገድ ላይ አቁመን በታክሲ እንሂድ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የከተማው ምክር ቤት ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው የፌርፋክስ ክፍል፣ በኦሊምፒክና በዊትወርዝ መካከል ያለው፣ የንግድ መንገድ ነው። ለቀናት መኪና የሚተውበት ቦታ አይደለም። ወደ ጎን ያሉት የመኖሪያ መንገዶች ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው። አንዳንዶቹ የነዋሪ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹም በሳምንት አንድ ቀን ለጽዳት መልቀቅ አለባቸው።

ከሁሉም በላይ ግን የ72 ሰዓት ሕግ አለ። በሎስ አንጀለስ ከተማ መንገድ ላይ አንድ መኪና ከ72 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀስ መቆም አይችልም፤ ምልክት ባይለጠፍም ሕጉ ይሠራል። እስቲ አስሉት። ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ያቆማችሁት መኪና ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ 72 ሰዓት ይሞላዋል። ወደ ኤንሴናዳ የሚሄደው የሦስት ሌሊት መርከብ ሰኞ ጠዋት ቢመለስ እንኳ፣ ከመርከብ መውረድ፣ ፓስፖርት ማሳየት፣ ሻንጣ ማውጣትና መንገዱ ተደማምረው ሰዓቱ ያልፋል። ለሰባት ሌሊት ጉዞማ ማሰብም አያስፈልግም። መኪናው ተጎትቶ ከተወሰደ ቅጣት፣ የመጎተቻ ክፍያና የማቆያ ኪራይ አንድ ላይ ይመጣሉ። ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ዘመድ ቤት ማቆም

ይህኛው ምርጫ ከገንዘብ በላይ ነው። አጎት ወይም የወላጆቻችሁ ጓደኛ «ለምን ትከፍላላችሁ? እኛ ግቢ አቁሙት» ይላሉ። ግብዣው ከልብ ነው። ቢሆንም በአማርኛ መኪና ሰው ጋ መተው ማለት አደራ መስጠት ነው። አደራ ከባድ ቃል ነው፤ የተቀበለው ሰው ዕቃውን ከራሱ ዕቃ አስበልጦ ይጠብቃል። አደራውን ያልጠበቀ ሰው «አደራ በላ» ይባላል፤ ይህ ስም በማኅበረሰባችን ውስጥ ቀላል ስድብ አይደለም።

ስለዚህ አደራ ሰጪም ግዴታ አለበት። መኪናው ግቢ ውስጥ ይገባል ወይስ በር ላይ ነው የሚቆመው? በር ላይ ቆሞ የእግረኛ መንገዱን ከዘጋ ቅጣት አለው። መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ በጽዳት ቀን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው የሌሊት ሥራ ውለው አድረው፣ የእናንተን መኪና ለማንሳት በጠዋት እንዲነሱ ማድረግ ውለታን ወደ ሸክም መቀየር ነው። እሳቸው በይሉኝታ አይነግሯችሁም። እናንተ ቀድማችሁ አስቡላቸው።

ቦታው የግል ግቢ ከሆነና ማንቀሳቀስ ካላስፈለገ፣ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ ከዓርብ እስከ ማክሰኞ መኪናዬን ግቢዎ ውስጥ ባቆም ያስቸግርዎታል? ማንቀሳቀስ አያስፈልግዎትም፤ ለማንኛውም ቁልፉን እተውልዎታለሁ።» ሴት ከሆኑ «እትዬ» በሉ። ግብዣውን መቀበል ካልፈለጋችሁ ደግሞ፦ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ወደቡ ላይ አስይዘናል፤ ስንመለስ ቡና እንጠጣለን።» ይህ ማንንም አያስቀይምም።

ወደቡ ላይ ማቆም ወይስ በታክሲ መሄድ?

ይህን ስሜት ሳይሆን ሒሳብ ይወስነው። የደርሶ መልስ ታክሲውን ዋጋ ለአንድ ቀን የማቆሚያ ዋጋ አካፍሉት። ለምሳሌ ታክሲው ደርሶ መልስ 140 ዶላር፣ ማቆሚያው በቀን 25 ዶላር ቢሆን፣ 140 ለ25 ሲካፈል 5.6 ይሆናል። እስከ 5 ቀን ማቆም ይረክሳል፤ ከ6 ቀን ጀምሮ ታክሲው ይረክሳል። የእናንተን ጉዞ ትክክለኛ ዋጋ አስገቡበት። ሌሊት ሳይሆን ቀን መቁጠራችሁንም አትርሱ፤ የሰባት ሌሊት ጉዞ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን ተቆጥረው ስምንት ቀን ሊያስከፍል ይችላል።

ሻንጣው ቀላል ለሆነ ሰው የሕዝብ መጓጓዣም አለ። ሳን ፔድሮ የሚደርስ አውቶቡስ አለ፤ ኤ ላይን የሚባለው ባቡር ደግሞ መሃል ሎንግ ቢች ያደርሳል። አያት፣ ጋሪና አራት ሻንጣ ካለ ግን ርካሹ ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም። እንዲያ ሲሆን አንዱ ሰው ቤተሰቡንና ሻንጣውን በሩ ላይ አውርዶ መኪናውን ብቻውን ቢያቆም ይሻላል። ፓስፖርቶቹ ግን ከቤተሰቡ ጋር ይውረዱ፤ የሾፌሩም በኪሱ ይሁን።

በአማርኛ ሲነገር

«መኪናዬን ጋራዥ አስገባሁት» ካላችሁ እናታችሁ «ምን ሆነ?» ይላሉ፤ በአማርኛ ጋራዥ መኪና የሚጠገንበት ቦታ ነውና። ለማቆም ከሆነ «ፓርኪንግ» ወይም «መኪና ማቆሚያ» በሉ። «ትራፊክ ያዘኝ» ማለትም ፖሊስ አስቆመኝ ማለት ነው። መንገዱ ስለሞላ ከዘገያችሁ «መንገዱ ተጨናንቆ ነው» በሉ። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር «ታርጋ» ነው፤ ማቆሚያ በስልክ ስታስይዙ የምትጠየቁት እሱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከወላጆቻችን መካከል አሜሪካ እንደገቡ በመኪና ማቆሚያ ሥራ የጀመሩ ብዙዎች ናቸው። የትኛው ቦታ በመብራት የተሻለ እንደሆነ፣ ደረሰኝ ለምን እንደሚያዝ፣ መኪና ከመተው በፊት ለምን ዙሪያውን ፎቶ እንደሚነሳ ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። ከጉዞው በፊት ምክር ጠይቋቸው። ስለ መኪናው የተጀመረው ወሬ ስለዚያ ዘመን ሥራቸው ወደ መጨዋወት ከዞረ፣ አታቋርጧቸው።

የሳምንቱ ቃላት

ወደብ፦ መርከብ የሚቆምበትና የሚነሳበት ቦታ።
መሳፈር፦ መርከብ፣ አውቶቡስ ወይም አውሮፕላን ላይ መውጣት።
ደርሶ መልስ፦ መሄድና መመለስ በአንድ ላይ።
አደራ፦ አምነን ለሰው የምንተወው ዕቃ ወይም ኃላፊነት።
ይሉኝታ፦ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ማፈር፤ «እምቢ» ለማለት መቸገር።