የካፕታጎን ማምረቻ ቢፈርስም ፈላጊው አልጠፋም

ካፕታጎን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን ለሕክምና የተሠራ መድኃኒት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1986 ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ተጥሎበታል። ዛሬ በዚሁ ስም የሚሸጠው ክኒን ግን በአብዛኛው አምፌታሚንና ካፌይን የተቀላቀለበት ሕገወጥ ምርት ነው። እንቅልፍንና ረሃብን ለጊዜው ያስረሳል፤ ውሎ አድሮ ግን ልብን ይጎዳል፣ አእምሮን ያውካል፣ ለሱስም ይዳርጋል።

ሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 ከሊባኖስ በመጣ የሮማን ፍሬ ጭነት ውስጥ ተደብቀው የተገኙ ክኒኖችን ከያዘች በኋላ የዚያችን አገር አትክልትና ፍራፍሬ አገደች። በ2024 መጨረሻ የበሽር አል አሳድ አገዛዝ ሲወድቅም በሶሪያ ግዙፍ ማምረቻዎች ተገኙ።

ይሁንና ገበያ እስካለ ድረስ አምራቹ ቦታ ይለውጣል፤ ክኒኑን ያጣ ሱሰኛም ወደ ሌላ አደንዛዥ ዕፅ ይሻገራል። ስለዚህ ከድንበር ቁጥጥሩ ጎን ለጎን ሱሰኛው ቅጣትን ሳይፈራ የሚታከምበት በር ሊከፈት ይገባል።