መጀመሪያ ሻተሩን ዝጉ

ጓደኞቼ ያሾፉብኛል። አንዱ ካሜራዬን ባየ ቁጥር «የአኮርዲዮን ትምህርቱ እንዴት ይዞሃል?» ይለኛል። ሌላው በስልኩ ሃያ ፎቶ ካነሳኝ በኋላ «አንተ እኮ ገና እግሩን አልዘረጋህም» ይላል። እውነቱን ነው። ትራይፖድ ተክዬ፣ ካሜራውን ከሳጥኑ አውጥቼ፣ ወናፉን ስቤ፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቤ አንድ ፎቶ እስካነሳ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል። በጥራት ጉዳይ አልከራከርም፤ ስልክ ለብዙ ነገር ይበቃል። የእኔ ክርክር ከእነሱ ጋር ሳይሆን እንደ እኔ ይህን ሼባ ካሜራ ሊጀምሩ ከሚያስቡት ጋር ነው። ከተሳሳተ ቦታ ነው የምንጀምረው ባይ ነኝ። ከዚያው ጀምሬ የማይመለስ ነገር አጥቻለሁና።

ለማያውቀው፦ ካሜራው ፊት ላይ ሌንስ የተገጠመበት ሰሌዳ፣ ኋላ እንደ መታጠቢያ ቤት መስኮት ድብዝዝ ያለ መስታወት፣ በመካከላቸው የአንጥረኛ ወናፍ የመሰለ እጥፍጥፍ፣ በቃ። ባትሪ የለ፣ ስክሪን የለ። ምስሉ መስታወቱ ላይ ተዘቅዝቆ፣ ግራና ቀኙም ተገላብጦ ይታያል። ፊልሙ ጥቅል አይደለም፤ አንድ አንድ ሉህ ነው። የእኔ 4 በ5 ኢንች ነው፣ 10 በ12.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አንድ የፊልም መያዣ በሁለት ፊቱ ሁለት ሉህ ይይዛል። ሁለት ብቻ! የታወቀው ዓይነት ፊልም ከሆነ አንዷ ሉህ ከሁለት ዶላር አታንስም። እሷም ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ በሰው ሻንጣ ልካልኝ፣ ተሸካሚው ኤርፖርት ላይ «እባካችሁ በእጅ ፈትሹልኝ» ብሎ ተለማምጦ ስትደርስ ነው። አዲሶቹ የሲቲ ስካነሮች ለፊልም ምሕረት የላቸውም።

ሉሆቹ መያዣው ውስጥ የሚገቡት በድቅድቅ ጨለማ ነው። የፊልሙ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ጥርሶች አሉ፤ ሉሁን ቁመቱን ይዛችሁ ጥርሶቹ ከላይ በስተቀኝ ጥግ ከሆኑ ብርሃን የሚቀበለው ፊት ወደ እናንተ ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ሰፈሩ ሲያማርር በደስታ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሮጥ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ።

ወደ ክርክሬ ልመለስ። መጽሐፍ ብትገልጡ፣ ቪዲዮ ብትከፍቱ፣ ትምህርቱ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ማዘንበሉና ወደ ማዞሩ ነው። ሌንሱን ወደ ፊት ዘንበል፣ ጀርባውን ወደ ጎን ዞር። ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ የሚባል የኦስትሪያ መኮንን በ1904 እ.ኤ.አ. በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ሥራ ስሙን የሰጠው ሕግ አለ፤ ሌንሱን በልኩ ካዘነበላችሁት ከእግራችሁ ሥር ካለው ጠጠር እስከ ሜዳው መጨረሻ ድረስ መሬቱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ደስ ይላል። እኔም ሳሎን ውስጥ የሻይ ብርጭቆ ደርድሬ አንድ ወር ሙሉ ሳዘነብል ከረምኩ። ለጀማሪ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱ ይበቃል፤ ሌንሱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማንሳት። ካሜራውን ወደ ፎቅ ቀና ካደረጋችሁት ፎቁ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ካሜራውን በውኃ ልክ አቁማችሁ ሌንሱን ብቻ ከፍ ስታደርጉት ግን ማዘጋጃ ቤቱ እንደ ቆመው ይቆማል። ሌላው ይቆይ።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሊፈርስ ሲል አያቴን በራፏ ላይ ላነሳት ሄድኩ። ያለኝ አንድ መያዣ ነበር። እምዬ በወጣትነቷ እዚያው ፒያሳ ስቱዲዮ የተነሳችው ፎቶ አላት፤ ፀጉሯን ጎፈሬ አበጥራ፣ እጇን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ። ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊያኑ ቦያጂያኖች የኖሩባት ከተማ ልጅ ናትና እንዲህ ያለ ካሜራ አያስደነግጣትም። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጸጥ አለች። እኔ ጨርቁ ውስጥ ገብቼ ተዘቅዝቃ እያየኋት ዓይኗን ለማጥራት ስታገል «ትንፋሽ ያዢ አትለኝም?» አለችኝ። አራዳዋ እሷ፣ ፋራው እኔ።

መያዣውን አስገባሁ፤ ፊልሙን የሚጋርደውን መከለያ ሳብኩ። ሻተሩ ለማጥራት እንደከፈትኩት ነበር። አንዱ ሉህ በብርሃን ተቃጠለ። ፊቴ ጋለ፤ ምንም አልነገርኳትም። መያዣውን አዞርኩና ሁለተኛውን በደንብ አነሳሁ። ችግሩ መከለያውን ስመልሰው ነው። የመከለያው እጀታ አንድ ጎኑ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ነው፤ ነጩ ወደ ውጭ ከሆነ «አልተነሳም»፣ ጥቁሩ ከሆነ «ተነስቷል» ማለት ነው። እኔ ነጩን አድርጌ መለስኩት። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሒሳቡ ጠፍቶብኝ ነጩን አየሁና «አንድ ቀርቶኛል» አልኩ። እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳሉ ቀርቤ አነሳሁ።

ከሳምንታት በኋላ ፊልሙን ሳጥብ እጆቿ ፊቷ ላይ ታትመው ወጡ። አንድ ወዳጄ «አርት ነው» አለኝ። አርት አይደለም፤ ስህተት ነው። በዚያን ጊዜ በሩም ግድግዳውም አልነበሩም።

በዚያ ቀን ያወቅኩት ማዘንበል ምን ጠቀመኝ? ያጣሁት ቅደም ተከተሉን ነው። አሁን ጮክ ብዬ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ፣ በቃሌ ነው የምለው፤ ክፈት፣ አጥራ፣ ቆልፍ፣ ብርሃን ለካ፣ ሻተሩን ዝጋ፣ ወጥር፣ መያዣውን አስገባ፣ መከለያውን ሳብ፣ አንሳ፣ መልስ፣ ጥቁሩን ወደ ውጭ። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ያለ ፊልም፣ በባዶ መያዣ፣ ሃምሳ ጊዜ ሳታደርጉት ማንንም ሰው ካሜራ ፊት አታስቀምጡ። አንሰል አዳምስ በ1941 እ.ኤ.አ. ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከኸርናንዴዝ መንደር በላይ የወጣችውን ጨረቃ ሲያነሳ የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣው። የጨረቃን ድምቀት መጠን ያውቅ ስለነበር ከዚያ አስልቶ አነሳ። ለሁለተኛው መያዣውን ሲያዞር መስቀሎቹ ላይ የነበረው ብርሃን ሄዷል። እጁ ቅደም ተከተሉን ባያውቅ አንዱንም አያገኛትም ነበር።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ወናፉ በተለጠጠ ቁጥር ብርሃኑ ይደክማል። የእኔ ሌንስ 150 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሩቅ ሲያይ ከፊልሙ 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ለእምዬ እጆች ግማሽ ሜትር ያህል ስጠጋ ርቀቱ 21 ሴንቲ ሜትር ደረሰ፤ ፊልሙ ላይ የሚደርሰው ብርሃን በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። የስልኩ መለኪያ ይህን አያውቅላችሁም። ሰዓቱን እጥፍ ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው።

መልክዓ ምድር ጀምሩ የሚሉ አሉ፤ ተራራ አይንቀሳቀስም በሚል። አልስማማም። ተራራ ስታበላሹበት አይታዘባችሁም። በሰው ጀምሩ፣ ሊቀመጥላችሁ በፈቀደ ሰው። እምዬ ያን ቀን ሌላም ነገር ብላኝ ነበር፤ «ድሮ ሰውየው ከጨርቁ ወጥቶ አጠገቡ ይቆም ነበር፤ አንተ ግን እዚያው ተደብቀህ ቀረህ።» ሪቻርድ አቬዶንም ከ1979 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ምዕራብ ሰዎች በ8 በ10 ኢንች ካሜራ ሲያነሳ ከካሜራው ኋላ ሳይሆን ጎን ቆሞ ነበር። መያዣው ከገባ በኋላ መስታወቱ ተሸፍኗልና ጨርቁ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም። የቀራችሁ የሰውየውን ዓይን በዓይናችሁ ማየት ነው።

ባለፈው እሑድ ኮንዶሚኒየሟ ሄጄ ደረጃው ጋ አስቀመጥኳት። 400 አይኤስኦ ፊልም፣ ቀዳዳው 16 ላይ፣ የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ። ቅደም ተከተሌን ጮክ ብዬ አልኩ፤ እሷም «ዝጋ» የሚለው ላይ አብራኝ አለች። ከጨርቁ ወጥቼ ጎኑ ቆምኩና «ትንፋሽ ያዢ» አልኳት። ታጥቦ ታትሞ ሲደርሳት ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ብዙ አየችው። ዓይኗ፣ የነጠላዋ ጥለት፣ የጣቷ ቀለበት ሁሉም ጥርት ብሏል።

«በሩስ?» አለችኝ።